በራስ ጋት ሲለካ

ክረምት ሲቃረብ ጅማ ላይ ከሰማዩ ቀድሞ የሚያውቀው የአክስቴ ጉልበት ነው። ሰቶ ሰመሮ በሚገኘው ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ «ዛሬ ማታ ይጥላል» ትላለች። ይጥላልም። ከዚያም ጀበናው ከምድጃው ወርዶ እስኪሰክን ድረስ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ አራት ጣቶቿን ከጉልበቷ ሎሚ ሥር ታጋድማለች። አንዲት ጋት ወደ ታች ትለካለች፤ ከአገዳዋ አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ ትላለች፤ እዚያች ቦታ ላይ በአውራ ጣቷ ተጭና ዓይኗን ትጨፍናለች። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን፣ «እቴቴ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቻይናው ሐኪም ነዋ» አለችኝ፤ የማላውቀው መሆኔ እያስገረማት።

ነገሩ የሆነው በ1967 ዓ.ም. በጋ ነው። አክስቴ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአጋሮ ስትመለስ ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ ተሰናክላ ወደቀችና ጉልበቷ አበጠ። እናቷ ወጌሻ ዘንድ ወስደው አሹዋት፤ አልተሻላትም። በኋላ «ቻይናዎች መጥተዋል፤ በመርፌ ያክማሉ» የሚል ወሬ ሰሙና ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ አማርኛም ኦሮምኛም አያውቅም። አክስቴ ከሁሉ አስበልጣ የምታስታውሰው መርፌውን አይደለም። እጇን መያዙን ነው። የራሷን አራት ጣቶች ገጥሞ ከጉልበቷ ሥር አኖራቸው፤ በዚያ ልክ ከለካ በኋላ ቦታዋን ጫን ብሎ ፊቷን ተመለከተ። አክስቴ ፊቷን ስታጨማድድ እሱ ፈገግ አለ። መርፌውን የወጋው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለምን በራሱ እጅ አልለካም?» አልኋት።

«ጉልበቱ የእኔ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ መልስ የአንዲት ባልቴት ቀልድ ይመስል ይሆናል። እኔም እንዲያ መስሎኝ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ኋላ ላይ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን እያገላበጥሁ ሳነብ ግን፣ አክስቴ ሳታውቀው የተናገረችው ቃል የአንድ ጥንታዊ ሕክምና ዋና ሕግ ሆኖ አገኘሁት።

ያቺ ከጉልበት በታች ያለች ቦታ በቻይናውያን ዘንድ ስም አላት፤ «ዙ ሳን ሊ» ትባላለች። «የእግር ሦስት ሊ» ማለት ነው። «ሊ» የመንገድ መለኪያ ሲሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደክሞት መንገድ ዳር የተቀመጠ መንገደኛ ይህችን ቦታ ቢነካካት ተነሥቶ ሦስት ሊ ይጨምራል ይባላል። ነጥቧ የምትገኘው «የሆድ ዕቃ መስመር» በሚሉት ላይ ነው። መስመሩ ከዓይን ሥር ይጀምራል፤ ፊትን፣ ደረትንና ሆድን አቋርጦ በጭንና በአገዳ ፊት ለፊት ይወርድና በሁለተኛው የእግር ጣት ጫፍ ያበቃል። በላዩ 45 ነጥቦች ተደርድረዋል፤ የአክስቴ ነጥብ 36ኛዋ ናት። እንዲህ ያሉ ዋና መስመሮች 12 ሲሆኑ፣ በጀርባና በሆድ መካከል የሚያልፉ ሁለት ሌሎች ይጨመሩባቸዋል። በጠቅላላው 361 ነጥቦች ይቆጠራሉ።

ነጥቧን ለማግኘት ሕመምተኛው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቀመጣል። ከጉልበት ሎሚ ሥር ከሚታዩት ሁለት ስርጉድ ቦታዎች የውጭኛውን ቻይናውያን «የጥጃ አፍንጫ» ይሉታል፤ አንድ ጊዜ የጥጃን አፍንጫ አስታውሶ ጉልበቱን ለሚያይ ሰው ስያሜው አያስቸግርም። ከዚያ ሦስት «ጹን» ወደ ታች ይወረዳል፤ ከአገዳው አጥንት ጠርዝም አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይፈቀቃል። አንድ ጹን የአውራ ጣት ወርድ ነው። ሦስት ጹን ደግሞ አራት ጣቶች ገጥመው ሲጋደሙ ያለው ስፋት፣ ማለትም የእኛዋ ጋት ናት። ነገር ግን አውራ ጣቱም ሆነ ጋቷ የሐኪሙ አይደሉም፤ የሕመምተኛው ናቸው።

ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት፣ ጣት እያለ በገላው ሲለካ ለኖረ የእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አቡጀዲ በክንድ ሲለካ የሻጩ ክንድ አጭር፣ የገዥው ክንድ ረዥም እየሆነ ስንቱ ተጨቃጭቋል! በገበያ ላይ ክንድ የጭቅጭቅ ምንጭ የሆነው የአንዱ ሰው ገላ የሌላውን ዕቃ ስለሚለካ ነው። የቻይና ሐኪሞች ግን መለኪያውን ከሚለካው ገላ ላይ ወሰዱትና ጭቅጭቁን ከሥሩ ነቀሉት።

ከጣት ልኬት የተሻለ የሚባለውም ይህንኑ መንገድ የሚከተል ነው። «ሊንግ ሹ» በተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ስለ አጥንት ልክ የሚናገር አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። በዚህ አቆጣጠር ከጉልበት እጥፋት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የእግር ርዝመት 16 ጹን ነው። የሕፃን እግርም 16፣ የግዙፍ ሰው እግርም 16 ነው። በቻይና «ቺ» የተባለው የመንግሥት ክንድ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በሶንግ ዘመን ከ30 አለፈ። ነገሥታት ሲለዋወጡ የገበያው መለኪያ ተለዋወጠ፤ የሕመምተኛው እግር ግን 16 እንደ ሆነ ቀረ።

ልኬቱም ብቻውን አይበቃም። ነጥቡን የሚሰይሙበት የቻይንኛ ቃል ትርጉሙ ዋሻ ወይም ጉድጓድ ማለት ነው። ስለዚህ ልኬቱ ከሰፈሩ ያደርሳል እንጂ ከደጃፉ አያደርስም፤ ደጃፉን የሚያገኘው ጣት ነው። ሐኪሙ ጫን እያለ ስርጉዷን ይፈልጋል፤ ሕመምተኛው የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የመጠዝጠዝ ስሜት ሲሰማው ተገኘች ይባላል። የአክስቴ ሐኪም ፊቷን ያየው ለዚህ ነበር። ቋንቋዋን ባያውቅም የሚጠይቃትን ጠይቋታል፤ እሷም መልሳለታለች።

ለመሆኑ ይህ ዕውቀት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1973 በቻይና ቻንግሻ ከተማ አጠገብ፣ ማዋንግዱይ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 የተዘጋ መቃብር ተከፈተ። በውስጡ ከተገኙት የሐር ላይ ጽሑፎች አንዳንዶቹ በሰው ገላ ላይ ስለሚያልፉ 11 መስመሮች ይናገራሉ። የሚያስገርመው መስመሮቹ ቢኖሩም ነጥቦቹ አለመኖራቸው ነው። የሚታዘዘው ሕክምናም መርፌ አልነበረም፤ መስመሩን በእሳት መተኮስ ነበር። ተኩሶን የምናውቅ ሰዎች እንግዲህ ከጥንቶቹ ቻይናውያን ብዙም አልራቅንም ማለት ነው። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁዋንግፉ ሚ የተባለ ሊቅ በየመጽሐፉ ተበታትኖ የነበረውን ሰብስቦ 349 ነጥቦችን በስም አስቀመጠ።

ዘመን ሲረዝም ግን ገልባጩ ይሳሳታል፤ መምህሩም ለደቀ መዝሙሩ ሁሉን አይነግርም። በሶንግ ዘመን አንዱ መጽሐፍ ከሌላው አልስማማ አለ። በዚህ ጊዜ ዋንግ ዌይዪ የተባለው ሐኪም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መጻሕፍቱን አስተያይቶ እ.ኤ.አ. በ1026 አዲስ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሰው ግን ጽሑፍን እንደ ፈቃዱ ሊያነበው ይችላልና በማግስቱ ዓመት የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት የነሐስ ሐውልቶች አሠራ፤ መስመሮቹ ተስለውባቸው፣ ነጥቦቹም ተበስተውባቸው። ተማሪ ሲፈተን ሐውልቱ በሰም ይለበጥና ውስጡ ውኃ ይሞላ ነበር ይባላል። መርፌው ከቦታው ካረፈ ውኃ ጠብ ይላል፤ ከሳተ ግን አይገባም። መምህሩ ቢያዳላ እንኳ ነሐሱ አያዳላም።

ሐውልቶቹ የተሠሩት በዋና ከተማይቱ በካይፈንግ ነው። ካይፈንግ የምትገኘው ሄናን በተባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። አንባቢ ይህን ስም እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ጅማ የሚመልሰን እሱ ነውና።

ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ሕክምና ሁልጊዜ አላከበሩትም። እ.ኤ.አ. በ1822 ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም መርፌ እንዳይሰጥ አገዱ። በ1929 ደግሞ የአገሬው ሕክምና በሙሉ እንዲቀር ለመንግሥት ሐሳብ ቀረበ፤ ሐኪሞቹ በተቃውሞ ተነሥተው አስቀሩት። ከኮሙኒስቶቹ ድል በኋላ መርፌው እንደ ገና ክብር አገኘ፤ በየገጠሩ በተሠማሩት «ባዶ እግር ሐኪሞች» እጅም ገባ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ረስተን ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱን በዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ካስወጣ በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ቢያስጨንቀው በክርኑና ከጉልበቶቹ በታች መርፌ ተወጋ። እንደ ተሻለው ለጋዜጣው ጻፈ። የምዕራቡ ዓለም ስለ መርፌው ማውራት የጀመረው በዚህ ጽሑፍ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ገብተው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። ሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ የተፈራረሙት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። ከግንኙነቱ ፍሬዎች አንዱ የሐኪሞች ቡድን ነበር። የቻይና መንግሥት በጊዜው የያዘው ልማድ እያንዳንዱን የአፍሪካ አገር ለአንድ ክፍለ ሀገር ማስረከብ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ለሄናን ደረሰች። የነሐሱ ሰው አገር ለእኛ ሐኪም ላኪ ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቡድን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የጋበዙት ንጉሥ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዓመት ነበር። ሥራውን የጀመረውም ጅማ ላይ ነው። ቻይናዎቹ ያገኟት ጅማ ጸጥ ያለች የቡና ከተማ አልነበረችም። የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ገጠሩን ሞሉት፤ የቡና መሬት ባለቤቱና ጭሰኛው ተፋጠጡ። አክስቴ ከመኪና ላይ የወደቀችው በዚያ ትርምስ መካከል ነው።

የቡድኑ መሪ ሜይ ገንግኒያን ይባል ነበር። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ለሕክምና በጉዞ ላይ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ። የተቀበረውም እዚሁ ጅማ ነው። የአካባቢው አንድ ቤተሰብ መቃብሩን ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ሲጠብቅ ኖሯል። ንጉሡ ሄደው ደርግ መጣ፤ ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ መጣ፤ እሱም በተራው ሄደ። የብዙ ታላላቅ ሰዎች ሐውልት ሲፈርስና ሲተከል አይተናል። የዚህን የሩቅ አገር ሰው መቃብር ግን አረም አልዋጠውም።

አክስቴን ጉልበቷን የለካት እሱ ይሁን ከባልደረቦቹ አንዱ እሷም አታውቅም፤ እኔም አልፈጥርላትም። ስለ እሱ ሲነሣ ግን፣ «አገሩ አልተመለሰም፤ እዚሁ እኛው ዘንድ ነው» ትላለች፤ የጎረቤት ዘመድ እንደሚነሣ አድርጋ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕመሙ ሲበረታባት አዲስ አበባ አመጣኋት። በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከሄናን የመጡ ሐኪሞች በመርፌ እንደሚያክሙ ሰምቼ ነበር፤ ይሁንና ወረፋውንና መንገዱን ፈርቼ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሌላ ቦታ ወሰድኋት። ባለሙያው ፈርጠም ያለ ሰው ነው። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላ እጁ አራት ወፋፍራም ጣቶቹን በአክስቴ ቀጭን እግር ላይ አጋድሞ ለካና መርፌውን አዘጋጀ። አክስቴ እጁን ያዘችው።

«ልጄ፣ ይህ የአንተ ጋት ነው» አለችው።

ሰውዬው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የራሷን ጣቶች ገጥማ ለካችና ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላ በአውራ ጣቷ ተጫነች። «እዚህ ነው» አለች። ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ስልኩን አስቀመጠ። ስንወጣ ግን፣ «ሳይጠይቅ የሚወጋ ሰው ዘንድ ሁለተኛ እንዳትወስደኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢዬን ማታለል ይሆንብኛል። የአክስቴ ትክክለኛ ቦታና የዚያ ሰውዬ የተሳሳተ ቦታ፣ በሳይንስ ሚዛን ሲቀመጡ ልዩነታቸው የምንጠብቀውን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 1162 ሰዎች በሦስት ከፍለው ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። አንዱ ክፍል በትክክለኛዎቹ ነጥቦች፣ ሁለተኛው ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላይ ብቻ ተወጋ፤ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ክፍል ከመቶ 47.6፣ ከሁለተኛው 44.2፣ ከሦስተኛው 27.4 ተሻላቸው። ሁለቱም የመርፌ ክፍሎች ከተለመደው ሕክምና በለጡ፤ እርስ በርሳቸው ግን እምብዛም አልተለያዩም። መስመሮቹንም ገላን ከፍቶ እንደ ደም ሥር ያሳየ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ለሚሠቃዩ ሰዎች ደግሞ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 መርፌ እንዳይታዘዝላቸው ወስኗል።

ነጥቦቹን በሚገባ የሚያውቁትም ቢሆኑ ሲከራከሩ ኖረዋል። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ሊቃውንት በዓለም የጤና ድርጅት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያስተያዩ ከ361ዱ ነጥቦች በ92ቱ ቦታ ላይ የማይስማሙ ሆነው ተገኙ። ዓመታት ተነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2008 የጋራ መለኪያ ሲያወጡ ስድስቱ ነጥቦች አሁንም ሁለት ሁለት ቦታ እንደ ተሰጣቸው ቀሩ።

እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነበር? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስጨንቆኛል። ሳስበው ሁለት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛው የነሐሱ ሰው ነው። ዋንግ ዌይዪ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ዕውቀቱን ከመምህሩ ጓዳ አውጥቶ አደባባይ አቆመው። አደባባይ የቆመ ነገር ይፈተናል፤ ስሕተቱም ይታያል። ጀርመኖቹ ሊፈትኑት የቻሉት ቦታው ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ተስማምተውበት ስለ ተገኘ ነው። የእኛ ወጌሻ፣ የእኛ ዋግምት አጋሚ፣ የእኛ መድኃኒት ቀማሚ ምን ያህል ያውቁ ነበር? አውራ ጣታቸው የሚያውቀውን ለልጃቸው፣ ያውም ለመረጡት ልጅ፣ በሹክሹክታ ነግረው አለፉ። የነገሩትም በከፊል ነው። እውነት ይሁን ሐሰት መፈተኛ እንኳ የለንም። አክስቴን መጀመሪያ ያሹአት ወጌሻ ምን እንደ ሠሩ ዛሬ ማንም አያውቅም፤ ቻይናው የሠራውን ግን ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጋት በጋት መናገር ችያለሁ።

ሁለተኛው አክስቴ የነገረችኝ ነው። መለኪያውን ከሕመምተኛው ገላ የሚወስድ ሐኪም ከመውጋቱ በፊት መንካት፣ ከነካም በኋላ ፊት ማየት ግድ ይሆንበታል። ሥርዓቱ ራሱ ቸኩሎ እንዳያልፍ ይይዘዋል። መርፌው ካልሆነ ይህ ራሱ ስንት እንደሚያሽር ሚዛን ላይ ማስቀመጥ እኔ አልችልም። የሆስፒታሉ ሐኪም የጉልበቷን ፎቶ አንሥቶ የመገጣጠሚያዋ ልስላሴ እንደ ተበላ ነግሯታል፤ እግሯን እንድታንቀሳቅስ፣ ክብደትም እንድትቀንስ አዟታል። ታዛለች። በየጠዋቱ እስከ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች። ሐኪሙን ስታመሰግነው ግን የምትለው፣ «ተንበርክኮ ጉልበቴን ዳሰሰው» ነው።

ባለፈው ክረምት ጅማ ወርጄ ነበር። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ስትሮጥ ወድቃ እያነከሰች መጣች። ጉዳቱ የሚያሰጋ አልነበረም። አክስቴ ቁስሉን አጠበችላትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። ልጅቱ አያቷ ሁልጊዜ ስታደርግ የምታየውን አስታውሳ የአክስቴን ትልቅ እጅ ጎትታ ከጉልበቷ ሥር አጋደመችው። የአክስቴ ጋት የልጅቱን ባት አጋማሽ አለፈ።

አክስቴ እጇን መለሰች። የልጅቱን ትናንሽ ጣቶች አንድ በአንድ ገጠመችና ከቦታቸው አኖረቻቸው።

«በእኔ አይደለም» አለቻት። «በራስሽ።»